የኋላው ወንበር የማን ነው?

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ሰኔ ወር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሰሜን ስዊድን፣ ሊክሴሌ፣ ቤታችን ደጅ ላይ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ባለቤቴ ቶርኬል ያገለገለች አሮጌ ቮልቮ ከገዛ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው።

ልጅ የለንም። ከኋላ የምናስቀምጠው ሰውም የለንም።

እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ የኋላ ስፒከር ሲገጥም ከረመ።

"የፊቶቹ አይበቁም?" አልኩት።

"ላንቺ ይበቃሉ" አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ላንቺ...

ታዲያ ይሄ ለማን ነው?

ያን ቀን የቀረፋ ዳቦ ይዤለት ወጣሁ። መኪናው ጋ ስደርስ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

"አሁንስ?... ትንሽ ልቀንሰው?... እሺ፣ የኔ ቆንጆ።"

የኔ ቆንጆ! እኔን እንዲህ ካለኝ ስንት ዓመቱ!

በስልክ የሚያወራ መሰለኝ... ስልኩን ግን አሁን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይቼው ነው የወጣሁት።

አጮልቄ አየሁ።

ቶርኬል የሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ዞሯል። የፊት ስፒከሮቹን ዘግቷቸዋል። የከፈተው ዘፈን የሚመጣው ከኋላ ብቻ ነው።

የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

ቀበቶው ግን ታስሯል...

ወንበሩ ላይ አልተኛም። አየር ላይ ተወጥሯል። ሰው ደረት ላይ እንዳረፈ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። እኔ ግን ከፍርሃቴ ቅናቴ በለጠ።

የዕቃ መጫኛውን ከፍቼ የስፒከሮቹን ሽቦ ነቀልኩት። ዘፈኑ ቀጥ አለ።

ቶርኬል አልጮኸብኝም።

ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ አለና፣ "ይቅርታ... ቀናተኛ ናት አላልኩሽም?" አለ።

ዞሬ የኋላው በር መስኮት ጋ ሄድኩ። መስታወቱ ወርዷል።

"ማናት?" አልኩት።

"ቀስ በይ፣ ማሪት!... ትሰማሻለች።"

"ትስማ! ትውረድልኝ ከመኪናው!"

የቶርኬል ሁለቱም እጆች ይታዩኛል፤ ጉልበቱ ላይ ናቸው።

አሮጌ መኪና አይደል፣ መስታወቱ የሚዘጋው በሩ ላይ ያለው እጀታ በእጅ ሲዞር ነው።

እጀታው ከውስጥ መዞር ጀመረ...

ቀስ...

ቀስ እያለ...

መስታወቱ ወደ ላይ ወጥቶ ፊቴ ላይ ተዘጋ።