ከድልድዩ የወረደው ሸክም

ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲጀመር ሻይዬን ሳልጨርስ የምነሳ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ እኔ ሳተላይት ካልነገረኝ የማላምን ቀያሽ ነኝ፣ ጁባ የመጣሁትም የድልድዮችን ደህንነት በጂፒኤስ ልለካ እንጂ ጉድ ለማየት አልነበረም።

ሥራው ቀላል ነው፣ አንዱን መሳሪያ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ሌላውን ድልድዩ ወገብ ላይ ትተክላላችሁ፣ የተጫነ ገልባጭ መኪና መሃል ላይ ይቆማል፣ ድልድዩ ዝቅ ይላል፣ መኪናው ሲወርድ ተመልሶ ቀና ካለ ጤነኛ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የብረት ድልድይ ቀና አላለም። ለአለቃችን ለኢንጂነር ታምራት ነገርኩት፣ እሱ ግን "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ የታመመው መሳሪያህ ነው" ብሎ መኪና አሳለፈበት። ብዙም ሳይቆይ ድልድዩ ተደርምሶ ሾፌራችን ላዱ ከተጫነው መኪናው ጋር ወንዙ ውስጥ ገብቶ ሞተ።

ሚስቱ ኬጂ ለቅሶው ላይ ታምራትን ትክ ብላ አየችውና "ራቡና ፊ" ብቻ አለች፣ እግዚአብሔር አለ ማለቷ ነው። እኔ ግን እግዚአብሔርን መጠበቅ አቃተኝ፣ ሰውየውን ፊት ለፊት አንቱ እያልኩ በሆዴ እረግመው ጀመር።

በፈረንጆቹ 2014 ማለቂያ ድልድዩ ተጠገነና እንደገና ልንለካው ሄድን። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ የሚፈተንበት መኪና ገና አልመጣም፣ ስክሪኑ ላይ ግን ድልድዩ ዝቅ ማለት ጀመረ። ቋሚውን መሳሪያ አየሁ፣ ደህና ነው፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ባዶው ድልድይ ገልባጭ እንደተሸከመ ጎብጦ ቀረ። ከዚያ፣ ወላሂ፣ ሞተሩ የጠፋ መኪና ሲቀዘቅዝ የሚያሰማት ቀጭ ቀጭ የምትል ድምፅ ከመሃሉ መጣች፣ የናፍታ ሽታም ተከተላት።

"ኢንጂነር፣ የሆነ ነገር ቆሞበታል" አልኩት።

"ባዶ አይደል እንዴ?"

"መሳሪያው ነው ያለው።"

"እንግዲያው መሳሪያህን ላስተምረው" ብሎ እየሳቀ ድልድዩ ላይ ወጣ።

መሃል ሲደርስ ቆመ። ጋቢና ውስጥ ያለ ሾፌር እንደሚያናግር ሰው ወደ ላይ እያየ "ኢታ ሙኑ?" ሲል ሰማሁት፣ ማነህ ማለት ነው። ልጠራው እችል ነበር፣ አልጠራሁትም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይውሰደው ብዬ ጸለይኩ።

አልወሰደውም። ታምራት ጆንያ እንደተሸከመ ኩሊ ጎንበስ ብሎ ተመለሰ፣ እግሩ መሬት ሲረግጥ ስክሪኑ ላይ ድልድዩ ቀና አለ። ቀጭ ቀጭ የምትለዋ ድምፅ ከእሱ ጋር በአጠገቤ አለፈች።

ከዚያ ወዲህ ታምራት ሙኑኪ ሰፈር የተከራየው ቤት ወለሉ ተሰነጠቀ፣ ወደ አትላባራ ሰፈር ቀየረ፣ እዚያም ወለሉ ሰመጠ፣ አከራዮቹ ይሄ ሰውዬ ምን ይዞ ነው የሚገባው እያሉ አስወጡት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አልኩ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጁባ ና ባሪ የሚባለው ሰፈሯ ድረስ ሄጄ ሁሉንም፣ ጸሎቴንም ጭምር፣ ለኬጂ ነገርኳት፣ ደስ የሚላት መስሎኝ።

አልሳቀችም። "አንተም ይውሰደው ብለህ ጸልየሃል" አለችኝ፣ "የጸለየ ሰው ድርሻ አለው። አታስጠጋው።"

ትናንት ከምሳ በኋላ በሬ ተንኳኳ፣ ታምራት ነው፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ጎብጦ። "የሚያስገባኝ አጣሁ፣ ለዛሬ አሳድረኝ" አለኝ። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ቃል ግን "ይግቡ" የሚል ነው፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ታምራት ቀጥ ብሎ፣ እያፏጨ ወደ ኤርፖርት ሄደ። እኔ ይህን የምጽፍላችሁ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ለመነሳት ሞክሬ አቅቶኛል፣ አልጋዬም ከሥሬ ተሰብሯል።