በ«ፋ» የሚጀምር እንስሳ

«ፈ... ረ... ስ» አለች ኢንሺራህ፣ ጣቷን በሰሌዳው ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተተች። ትንፋሽ ወሰደችና እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳች። «ፈረስ።»

ልጇ ራድዋ ደብተሩን ይዛ አጠገቧ ቆማለች። የማታ ትምህርት አስተማሪዋ አብላ ሱሄር የሰጠቻት የቤት ሥራ ቀላል ነበር፤ የአራዊቱ ግቢ ሄዳ በዐረብኛው ፊደል «ፋ» የሚጀምሩ አምስት እንስሳት ፈልጋ፣ ስማቸውን ከየሰሌዳው አንብባ መጻፍ። ዝሆኑን፣ «ፊል»ን፣ ማንበብ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ኩምቢው ከሩቅ ነግሯታል። አቦ ሸማኔውን፣ «ፈሃድ»ን፣ ፀሐዩ ስለጠነከረባቸው ራድዋ ቶሎ አነበበችላት። ይህ ሦስተኛው ነው።

ኢንሺራህ ቀና ብላ ከብረት አጥሩ ወዲያ ተመለከተች። አረንጓዴው ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈው ፍጡር ፈረስ አይደለም፤ ጉማሬ ነው። ካይሮ ውስጥ አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ ሰይድ ቂሽጣ ነው፣ አቶ ስልባቦት። በመጽሐፍ «ፈረስ አል-ነህር»፣ የወንዝ ፈረስ፣ ተብሎ ይጻፋል እንጂ ሰው በአፉ እንዲያ ብሎ አይጠራውም። ራድዋ ይህን ልትነግራት ስትል እናቷ ጠባቂውን ጠርታዋለች።

«ወንድሜ፣ ሰሌዳችሁ ተሳስቷል» አለችው። ድምጿ ኩራት ነበረበት። «ፈረስ ይላል እኮ። ሰይድ ቂሽጣ ደግሞ በ‹ሲን› ነው የሚጀምረው።»

ጠባቂው የያዘውን ሣር ወደ ውሃው ወረወረና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እውነትሽን ነው ሐጃ። ኮርቻውን ልናሳጥብ ወስደንበት ነው።»

አጥሩን የከበበው ሰው ሳቀ። ልጁን ትከሻው ላይ የተሸከመ አንድ ጎልማሳ፣ «እኔንስ እስከ በሩ አያደርሰኝም?» ብሎ ሳቁን እንደገና ቀሰቀሰው። ኢንሺራህም አብራ ፈገግ አለች፤ ምኑ እንዳሳቃቸው ግን አልገባትም።

«ራድዋ?»

የክፍሏ ልጅ ማሂታብ ናት። ፈንዲሻ ይዛ፣ ከሁለት የአክስቷ ልጆች ጋር ከኋላዋ ቆማለች። «ሴትዮዋ ከአንቺ ጋር ናት እንዴ? ማናት?»

«ጎረቤታችን ናት» አለች ራድዋ። ቃሉ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ። «ፊደል እየቆጠረች ነው። አብረሻት ሂጂ ብለውኝ ነው።»

«ስታስቅ! ፈረስ ብላ ድርቅ አለች እኮ» አለች ማሂታብ። «በይ፣ እኛ በሩ ጋ ካለው ዛፍ ሥር ነን።»

ልጆቹ ሲሄዱ ራድዋ ዞር አለች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳውን እያየች ነው። የቆመችው ግን ሁለት እርምጃ ብቻ ርቃ ነበር። ዞራ ደብተሩን ከራድዋ እጅ ተቀበለች፤ ከዳቦውና ከአይቡ ጋር ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው።

«እንሂድ።»

«እማ፣ ሦስት ይቀረናል።»

«ለጎረቤት ይህን ያህል አይደከምም።»

ራድዋ ሮጣ ደረሰችባት። ጥቂት እንደሄዱ፣ «እሑድስ?» አለች።

«እሑድ ልብስ አጥባለሁ።»

እሑድ ፈተና ነው። ኢንሺራህ ለዘጠኝ ዓመት ሕፃናት ያቀፈችበት የሕፃናት መዋያ፣ የፊደል የምስክር ወረቀት ካላመጣሽ ከሚቀጥለው ወር ወዲያ አናቆይሽም ብሏታል። ከዚህ በፊት ትምህርቱን ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ትታለች። ስትተው አታለቅስም፣ አትጨቃጨቅም። ደብተሩን ቁም ሣጥኑ ላይ ታስቀምጠውና ሥራ ትይዛለች። ባለፈው ክረምት የራድዋ ታናሽ እህት ታማ፣ ኢንሺራህ በእያንዳንዱ እጇ አንድ የሽሮፕ ጠርሙስ ይዛ፣ ራድዋ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ በር ላይ ቆማ ጠብቃለች። የሳል የትኛው እንደሆነ፣ የትኩሳት የትኛው እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሦስተኛውን የጀመረችው በማግስቱ ነው።

ራድዋ ከኋላዋ እየተከተለች ስለ ሰሌዳው አሰበች። እናቷ እኮ አልተሳሳተችም። የተጻፈው «ፈረስ» ነው፤ የቀራት ቀጥሎ ያለው ቃል ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ሥዕሉን አይታ ነበር የምትገምተው። እዚያ ግን ዓይኗ ሌላ ነገር እያየ፣ ጣቷ ያገኘውን አምና ተናገረች። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን የምታውቀው ራድዋ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ጎረቤት ሆነች።

በሩ ጋ ሲደርሱ ኢንሺራህ እርምጃዋን ቀነሰች። ማሂታብና ዘመዶቿ ከዛፉ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንቺ ቅደሚ» አለች ቀስ ብላ። ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ በኋላ እመጣለሁ። መንገድ ስታቋርጪ ብቻ ግራና ቀኝ እዪ።»

ራድዋ አልቀደመችም። ወደ ምንጣፉ ሄደች።

«ማሂታብ፣ ቅድም ዋሽቼሻለሁ። እናቴ ናት።»

የማሂታብ እጅ ፈንዲሻው ውስጥ ቀረ። አንደኛዋ ልጅ ሳቋን አፍና ፊቷን አዞረች። «እሺ» አለች ማሂታብ። ነገ ክፍል ውስጥ ምን እንደምትል ራድዋ አታውቅም።

ተመልሳ የእናቷን ዘንቢል ተቀበለቻትና ከመንገዱ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ከዚያ ሆነው ያዩዋቸዋል።

«አውቶቡሱ ያመልጠናል» አለች ኢንሺራህ።

«ይሂድ።»

ኢንሺራህ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከራድዋ ርቃ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራለች።

ራድዋ ደብተሩን አውጥታ ባዶው ሦስተኛ መስመር ላይ ገለጠችው። ልጻፍልሽ አላለችም። እርሳሱን መሐላቸው አስቀመጠችና እጇን ሰበሰበች።