ዝቅ ያለው መርፌ

ድሪሳ ሳኑን የገደለው የመካኒኩ የላሲና ስንፍና ነው ሲባል በቦቦ ጁላሶ ከተማ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ኢንስፔክተር ሳሊማታ ሚሎጎ ግን የሰፈር ወሬ ከመስማቷ በፊት ብረቱን መመርመር ይቀናታል። ባንፎራ መንገድ ዳር፣ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የአሮጌውን ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ልታዞረው ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል፤ ጎማው በሙሉ ፍጥነት ላይ ድንገት ሲደርቅ ድሪሳ ተሽቀንጥሯል።

ካንዴላውን ፈታች። ሥሩ ቡናማ ነው፤ ጫፉ ግን እንደ አመድ ነጥቷል። ሳሊማታ ራሷ ያደገችው ዘይትና ቤንዚን ደባልቆ የሚጠጣ ቱ ስትሮክ እየነዳች ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ቤንዚን ካነሰው ዘይቱም አብሮ ያንሰዋል። የካርቡሬተሩን ክዳን ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው፤ ያየችውን ለማንም አልተነፈሰችም።

ጎረምሶች የላሲናን ጋራዥ ሊያቃጥሉ ተሰብስበው ስለነበር መካኒኩን ያገኘችው በፖሊስ መኪና ውስጥ ተደብቆ ነው። ትናንት ለሞተሩ አዲስ ካርቡሬተር የገጠመው እሱ መሆኑን አልካደም።

«ሐርማታኑ ገብቷል፤ በደረቅ ነፋስ ሞተር ቶሎ ይግላል ብዬ የካርቡሬተሩን መርፌ ከፍ አድርጌ ቤንዚን ጨመርኩለት። ነድቼ ካንዴላውን ሳየው ቡናማ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ዛሬ የሚሰማኝ የለም።»

ከእሱ በኋላ ሞተሩን የወሰደው የድሪሳ የልብ ወዳጅ ሃማ ባሪ ነበር፤ ልሞክረው ብሎ ነድቶት፣ ሲመሽ ለባለቤቱ መልሶታል።

የሟች ሚስት ናፊሳቱ እጇ እስከ አንጓዋ በሂና ቀልቷል። ዛሬ የልጇ ስም የሚወጣበት ቀን ነበር፤ ድሪሳም በጠዋት የወጣው እናቱን ከባንፎራ ሊያመጣ ነው። ሃማ ሞተሩን ሲመልስ ሴቶቹ ሂናው እንዲይዝላት እጇን በጨርቅ ጠቅልለውላት ነበር፤ ጨርቁ የተፈታላት ባሏ ከሄደ በኋላ ነው። ሌሊቱን ግቢው ተቀርቅሮ አድሯል። ድሪሳማ ካንዴላ እንኳ መፍታት አያውቅም ነበር። ሳሊማታ ስለ ሃማ ስትጠይቃት ናፊሳቱ አንገቷን ደፋች። ከድሪሳ በፊት ሽማግሌ የላከባት ሃማ ነበር።

ቀብሩ ላይ ሳሊማታ ዓይኗን ከሃማ አልነቀለችም። ሃማ ፉላኒ ነው፤ ድሪሳና እሷ ቦቦ ናቸው። ሁለቱ ጎሳዎች የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ መሰዳደብ ወጋቸው፣ መቆጣት ነውራቸው ነው። ቦቦ ሲሞት ፉላኒው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ በሬሳው ያላግጣል፤ ልቅሶተኛው እንባው ሳይደርቅ ይስቃል። ሃማ ግን ቃል አልወጣውም።

ከቀብር መልስ ሁሉንም በድሪሳ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ላሲና በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆመ።

«አንተ ፉላኒ» አለች ሳሊማታ፣ «ከላም ጡት ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። ወዳጅህን ምን ገደለው ትላለህ?»

ሃማ በቀልድ አልመለሰላትም። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የላሲና ድንቁርና ነዋ! ሰው መርፌውን ያን ያህል ዝቅ ያደርጋል?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ካርቡሬተሩን የከፈትኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «መርፌው ዝቅ ማለቱን ለማን ተናገርኩ?»

ሳሊማታ ካንዴላውን ከፍ አድርጋ አሳየች። ሥሩ ቡናማ የሆነው ላሲና አስተካክሎት ስለነበር ነው፤ ጫፉ የነጣው ከዚያ በኋላ ቤንዚን ስለተቀነሰበት ነው። የካርቡሬተሩ ክዳን በባዶ እጅ ይከፈታል፤ የናፊሳቱ እጅ ግን ታስሮ ነበር ያደረው። ላሲና ከለቀቀው በኋላ ሞተሩ ጣቱ ነፃ በሆነና ሥራውን በሚያውቅ ሰው እጅ የገባው ሃማ ወስዶት ሳለ ብቻ ነው።

«ጉድጓዱ አፍ ላይ ለምን እንዳላላገጥክበትም አሁን ገባኝ» አለችው።

ሃማ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቅናቱ ያን ጊዜ ገነፈለ። ድሪሳ ናፊሳቱን አገባ፣ ወንድ ልጅ ወለደ፣ ይባስ ብሎ አሮጌ ሞተሩ እንኳ አዲስ ሆነለት።

«መግደል አላሰብኩም» አለ። «መንገድ ላይ ቆሞበት፣ ላብ በላብ ሆኖ እየገፋ፣ ከልጁ ስም ማውጣት እንዲቀር ነው የፈለግሁት። አንድ ቀን እንኳ ናፊሳቱ እንድትስቅበት።»

ናፊሳቱ ልጇን አቅፋ ከቤት ወጣች። አላለቀሰችም።

«ስሙን የመረጠው ድሪሳ ነው» አለችው። «ሃማ ልንለው ነበር።»