ሦስቱ የአልሚና መብራቶች

በጰላድ መንግሥት ፀሐይ አረንጓዴ ሆና የወጣችበት ጠዋት ለማንም አይድረስ! ክሎር የሚባሉ ሦስት አውሬዎች ከባሕር ወጥተው በሸለቆው ላይ ተኙ። አረንጓዴ ጉም የሆነው ትንፋሻቸው የነካው ሁሉ እየሳለ ወደቀ። ከወደቁት አንዷ የአልሚና ታናሽ እህት ስንዲት ነበረች።

የጰላድ ሰው በወገቡ ዙሪያ መብራት ይዞ ይወለዳል። ነገዱም በመብራቱ ቁጥር ይለያል፤ ከባለ ሦስት እስከ ባለ ስምንት፣ ስድስት ነገድ። በግራ የሚያብረቀርቁት ብረት ለበሶች፣ በቀኝ ፈዛዞቹ፣ በመካከል በድንበሩ ላይ ደግሞ ግማሽ ብረቶች ይኖራሉ። መብራቱን የሰጠ ነጭ ጨው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማንም አይሰጥም።

ባለ ሦስቷ አልሚና «እህቴን ሳላድን ብመለስ ስሜ ከነገዴ ይፋቅ!» ብላ ማለች። ባለ አራቱን የድንበር ሰው ሲልካንን አስከትላም ወደ ባለ ስምንቶቹ ተራራ ወጣች።

«እቴጌ አርጎና ሆይ፣ ሕዝቡ አለቀ። ከሙላትዎ ያካፍሉን!»

እቴጌይቱ ቀና እንኳ አላሉም። «እኛ ሙሉ ነን። አንሰጥም፣ አንቀበልም፣ ከማንም ጋር አንነካካም።»

ወይ ጥጋብ! የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም። አልሚና እያለቀሰች ወረደች።

ከሸለቆው አፋፍ ሲልካን ጦሩን አነሣ። የእሷ ዓይን ግን ከአውሬዎቹ ወገብ ላይ ቀረ፤ እነሱም መብራት ነበራቸው።

«መብራታቸውን ቁጠር።»

«አውሬ ይቆጠራል እንዴ? ነውር ነው!»

«ቁጠር አልኩህ!»

«ሰባት… ያኛውም ሰባት…» ድምፁ ተሰበረ። «ሦስቱም ሰባት ሰባት ናቸው።»

«ለሙሉው ስምንት አንድ አንድ ጎድሏቸው ነው፤ ክፋት አይደለም፣ ረኃብ ነው። ስንት ዘመን በጦር ስንወጋቸው ኖርን!»

ሲልካን ያሰበችው ገባውና እጇን ያዘ። «እኔ ልሂድ፤ አራት አለኝ።»

«አራተኛዋ መብራትህ ትተርፍና አራተኛ አውሬ ከባሕር ትጠራለች። ልካቸው የእኔ ነው።»

ፈርታ ነበር። ቢሆንም ወረደች። አንዷን ለአንዱ፣ ሁለተኛዋን ለሁለተኛው፣ የመጨረሻዋን ለሦስተኛው ሰጠች። አውሬዎቹ እንደ ጠገበ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አረንጓዴው ጉም ተገፈፈ፤ ከእሷና ከሦስቱም አውሬዎች ነጭ ጨው ብቻ ቀረ።

ስንዲት ተነፈሰች። «እታለምስ?» አለች።

ሲልካን እጇን ይዞ ወደ ነጩ ጨው ወሰዳት። ልጅቷም ጨው ላይ ተደፍታ፣ «እታለም፣ ድኛለሁ እኮ! ተነሺ እንጂ!» ስትል ዋለች።