የጋሽ ፍሬን ወንበር

«አልፈርምም» አለች እታለም፣ እስክሪብቶውን በጠረጴዛው ላይ ወደ መርማሪዋ መልሳ እየገፋች።

ከጎኗ የተቀመጠው ባሏ በረጅሙ ተነፈሰ። «ሆዴ፣ ይኼኮ ለወጉ ያህል ነው። ካልፈረምሽ አስከሬኑን አይሰጡንም። የነገው አውሮፕላን ጥሎን ይሄዳል። እናትሽ ደጅ ደጁን እያዩ ነው።»

«ይዩ። የሚጠብቁት ልጃቸውን ነው፤ ስድቡን አይደለም።»

ስድቡ ወረቀቱ ላይ ነበር። «ሟች ከውጭ አገር ለጉብኝት የመጡ አሽከርካሪ ሲሆኑ፣ በመንገድ ግራ በኩል መንዳት ባለመልመዳቸውና የሚያደነዝዝ የህመም ማስታገሻ ወስደው በመንዳታቸው፣ በራሳቸው ጥፋት ከመንገድ ወጥተው ሕይወታቸው አልፏል» ይላል። ወንድሟን ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለው። በአገሩ ግማሹን ከተማ መኪና መንዳት ያስተማረውን፣ ቀበቶ ሳያስር ሞተር ያስነሳ ተማሪ ሲያገኝ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሸኘውን ሰው።

«ወንድሜ ኪኒን ውጦ መሪ አይነካም» አለች። «ጉንፋን ሲይዘው እንኳ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ይተኛል። እናንተ የጻፋችሁት ስለ ሌላ ሰው ነው።»

«እመቤት፣ የተገኙት የሹፌሩ ወንበር ላይ፣ ቀበቷቸው እንደታሰረ ነው።» መርማሪዋ አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት፤ እርሳሷን እንደ አናጢ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። ወረቀቱን የጻፈው የሥራ ባልደረባዋ ነበር፤ እሷ ለማስፈረም ብቻ ነው የገባችው።

«የት እንደተገኘ ሰምቻለሁ። ማን እንደነዳ ነው ያልነገራችሁኝ።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «ይነሱ እንሂድ። ወንድምዎን የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎት።» ባልየውም ሊከተል ሲነሳ «እርስዎ ይረፉ» አለችው። እሱም በሩን በግራ እጁ ከፍቶ አሳለፋቸው።

መኪናውን ያከራየው ሰው ግቢው ውስጥ ጎማ እያንከባለለ ደረሱበት። እታለም ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ፍሬን የሌለው መኪና አከራይተህ ወንድሜን በላኸው!»

«እኔ?» ሰውዬው ጎማውን ለቀቀው፤ ጎማው ብቻውን ተንከባሎ አጥሩ ሥር ተጋደመ። «እትዬ፣ ፍሬኑን ከነዚህ ከፖሊሶቹ ጋር አብረን ነው የፈታነው። ምንም አልሆነም። እንዲያውም ያስቸገሩኝ ወንድምዎ ናቸው። ቁልፍ ብሰጣቸው ከግቢዬ አልወጣም አሉ!»

«ምን ያደርጉ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«የቆመ መኪና ይነዱ ነበራ! በእነሱ አገር መሪው በግራ ነው፣ በእኛ በቀኝ። ፍሬቻውም በእነሱ በግራ እጅ ነው፣ በእኛ መኪና ግን ግራ እጅህን ከሰደድክ የምታገኘው የዝናብ መጥረጊያውን ነው። እና ሞተር ሳያስነሱ ቁጭ ብለው በቀኝ እጃቸው ፍሬቻ፣ በግራ እጃቸው መጥረጊያ፣ ደግሞ ፍሬቻ፣ ደግሞ መጥረጊያ። ምሳዬን በልቼ ብመለስ እዚያው ናቸው። ጓደኛቸውን ጠርቼ፣ ‹ሰውዬው ደህና ናቸው?› አልኩት።»

እታለም ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ሌላ የሚነዳ አልነበረም?» ስትል ጠየቀች መርማሪዋ።

«የእትዬ ባለቤት ፈልገው ነበር። የአገራቸውን መንጃ ፈቃድ ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አደረጉልኝ። ዓለም አቀፉ ፈቃድስ ብላቸው፣ ‹እሱ የዚሁ ትርጉም ነው፤ እኔ የምነዳው በእጄ ነው እንጂ በወረቀት አይደለም› አሉኝ። እዚህ አገር ሁለቱም አንድ ላይ ካልተያዙ ቁልፍ የለም። ያለ እሱ ተነድቶ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንስ አይከፍልም፣ ሰው ከተጎዳ ደግሞ እስር ነው። ወንድምዎ ሁለቱንም ከደረት ኪሳቸው መዥረጥ አደረጉ። ውሉን በእሳቸው ስም ብቻ ጻፍኩ።»

ወደ እንግዳ ማረፊያው ሲመለሱ የሟቹን የልብ ጓደኛ በረንዳ ላይ አገኙት። አቶ ነገ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሟቹ ራሱ ነው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ «መንጃ ፈቃዴን ነገ እወስዳለሁ» ሲል ፀጉሩ ሸብቷል። አሁን ፀጉሩ ገና የተቆረጠ፣ ዓይኑ ያበጠ ነው።

«በዚያን ሰዓት የት ነበሩ?» አለችው መርማሪዋ።

«ፀጉር ቤት። አንገቴን ቆርጦኛል፣ ይኸው እዪልኝ። ሰውዬው ይቅርታ ሲለኝ ነበር የዋለው፣ ጠይቂው።»

«ከሟች ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት መቼ ነው?»

«ምሳ ላይ። ጥርሱን አሞት ጉንጩን ይዞ ነበር። የእታለም ባል ፋርማሲስት አይደል፣ ኪኒን ሰጠው። እኔ ስወጣ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ይነታረኩ ነበር።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ምን ይሆናል፣ ስለ መሪ ነዋ! ከመጣን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።»

«ምናልባት ኪኒኑ ደብቷቸው እርስዎን ‹ንዳኝ› ብለውዎት ይሆን? መማር ይፈልጉ ነበር አሉ።»

አቶ ነገ ደረቱን ያዘ። «እኔን? ጋሽ ፍሬን እኔን? እኔ ወንበር ስስብ እንኳ ፍሬን የሚይዝብኝ ሰውዬ?»

«ማነው ጋሽ ፍሬን?»

«ወንድሜ ነዋ» አለች እታለም። «ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ሲያስተምር ተማሪው መሪ ይይዛል፣ እሱ ጎን ወንበር ላይ ሆኖ በራሱ ፔዳል ፍሬን ይይዛል። በዚያው ለመደበት። በማንም መኪና ይሂድ፣ ጎን ወንበር ላይ ከተቀመጠ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ታክሲ ውስጥ፣ የሙሽራ መኪና ውስጥ...»

«አውሮፕላን ውስጥስ!» አለ አቶ ነገ። «ስናርፍ ወለሉን ረግጦ ሲያምጥ አስተናጋጇ፣ ‹አባቴ፣ ውሃ ላምጣልዎ?› አላለችውም?» ሁለቱም ሳቁ፣ ሁለቱም አለቀሱ። መርማሪዋ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደችና ምንም ሳትጽፍ መልሳ ሰካችው።

ይሄኔ ባልየው የሟቹን ሻንጣ በግራ እጁ እየጎተተ ወጣ።

«በቀኝህ አትይዘውም እንዴ? ወገብህን ትሰብራለህ» አለው አቶ ነገ።

«መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ነው ብዬህ የለም?»

«መቼ?» አለች መርማሪዋ።

«ያን ዕለት። ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ፣ ከእንቅልፌ ስነሳ።» ሻንጣውን ደረጃው ላይ አቆመ። «አሁን ልንፈርም ነው ወይስ እዚሁ ልንከርም ነው?»

«ነገ ጠዋት ጋራዣችን ኑ» አለች መርማሪዋ። «ሁላችሁም።»

ከመሄዷ በፊት እታለምን ይዛ አደጋው ወደ ደረሰበት መንገድ ወጣች። የመንገድ ቀለም ቀቢዎች መገንጠያው ላይ ነጭ መስመር እያሰመሩ ነበር። በዚያ ቀንም እዚሁ ነበሩ። መኪናዋን ታስታውሳላችሁ ወይ ሲባሉ ትልቁ ቀቢ ፈገግ አለ።

«እንዴት እንረሳት! ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ቁራጭ ደመና የለም። ወደ ከተማው ልትታጠፍ ስትል የዝናብ መጥረጊያዋን እያወናጨፈች መጣች። ‹ዝናቡ እነሱ ጋ ብቻ ነው የሚዘንበው› ብለን ስቀናል። ውስጡን አላየንም፣ ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ነበር።» ፊቱ ከሰመ። «ከዚያ ማዶ ካለው ጠመዝማዛ ሥር እንደወደቀች የሰማነው ሲመሽ ነው። ብንጠራ ኖሮ እንደርስላቸው ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት አራቱም በፖሊስ ጋራዥ ውስጥ በተጨማደደችው መኪና ዙሪያ ቆሙ። እታለም ዓይኗን ከመኪናዋ አላነሳችም። አከራዩ ባርኔጣውን አውልቋል። አቶ ነገ መሀረብ ይዟል። ባልየው ሰዓቱን ያያል።

«ፍሬኑ ደህና ነው፤ እሱን ጨርሰናል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሟች በቀኙ ወንበር፣ በሹፌሩ ቦታ ተገኙ። ቀበቶውም ታስሯል። እዚህ ወንበር ላይ ቀበቶው በየት በኩል ይወርዳል?»

አከራዩ እጁን ሰዶ ቀበቶውን ሳበው። «ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ወገብ።»

«የሟች ሰንበር ግን ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ወገብ ነው። ሐኪሙ ጽፎታል፣ እኛ ነን ጎን ለጎን አድርገን ያላየነው።» በእርሳሷ በራሷ ደረት ላይ መስመሩን አሰመረች። «ያ የግራው ወንበር ቀበቶ ነው። የጎን ተሳፋሪው።»

«መኪና ሲገለባበጥ ሰው እዚህም እዚያም ይላተማል» አለ ባልየው።

«ቀበቶ ታስሮ?» አለችው። ወደ ግራው በር ዞራ ጎንበስ አለችና የእግር ምንጣፉን በእርሳሷ አነሳችው። ምንጣፉ አንድ ቦታ ላይ ተበስቷል። ከሥሩ የጫማ ተረከዝ ወጣ። «የሟች ቀኝ ጫማ ተረከዝ የለውም። ይኸው፣ ምንም ፔዳል በሌለበት ወለል ላይ ነው የተነቀለው። እመቤት፣ ይህን የሚያደርግ ማን ነው?»

እታለም ከንፈሯን ነከሰች። «ጋሽ ፍሬን።»

«እንግዲያው መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ፍሬቻ ሊያሳይ ግራ እጁን ሰዶ መጥረጊያውን ቀሰቀሰ። እርስዎ አይደሉም» አለች ለአከራዩ፤ «እጅዎ የተወለደው በዚህ መሪ ላይ ነው። ሟችም አይደሉም፤ ግቢ ውስጥ ተለማምደው ሰንብተውበታል። አቶ ነገም አይደሉም።»

«ለምን እኔ አልሆንም?» አለ አቶ ነገ፣ ትንሽ እንደ መከፋት ብሎ።

«መንዳት አያውቁማ። የእርስዎ እጅ የሚሳሳትበት ልማድ የለውም። ይህ በወዲያኛው አገር ዕድሜውን ሙሉ የነዳ፣ በዚህኛው ግን መሪ ነክቶ የማያውቅ ሰው እጅ ነው።»

መርማሪዋ ወደ እታለም ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የቀረውን ለብቻዎ ልነግርዎ እችላለሁ።»

«ወንድሜን የሰደባችሁት በግላጭ ነው» አለች እታለም። «በግላጭ ይጨረስ።»

«እሺ። የሹፌሩም ቀበቶ ምልክት ይተዋል። በየትኛው ትከሻ ላይ?»

ማንም ከመመለሱ በፊት የእታለም ጣቶች ራሳቸው አስታወሱ። ከአደጋው ማግስት ባሏን ቅባት ስትቀባው፣ ሰንበሩ ከቀኝ ትከሻው ተነስቶ በሰያፍ ወደ ደረቱ ይወርድ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ እንደ ማሰሪያ የሰፋ፣ የጠቆረ። መታጠቢያ ቤት ያዳለጠው ሰው ይላላጣል፤ መስመር አያወጣም። የወንድሟን ገዳይ በገዛ እጇ ስታሽ ነበር።

ፊቱ ቆመች። «ሸሚዝህን ፍታ።»

«ሆዴ፣ እዚህ ሰው ፊት...»

«ሸሚዝህን ፍታ አልኩህ።»

አልፈታም። ቁልቁል እያየ መናገር ጀመረ። «ሐኪም ጋ ላደርሰው ነበር። ጥርሱ አላስችል ሲለው እሺ አለኝ፤ ‹ፈቃድ የለህም፣ ቀስ በል› እያለ። ጠመዝማዛው ላይ ያ መጥረጊያ ደግሞ ተነሳብኝ። እሱን ላጠፋ ዝቅ ብዬ ቀና ስል መንገዱ የለም። ሞቶ ነበር! ለሞተ ሰው ይሄ ወንበር ሆነ ያ ወንበር ምን ይለውጥለታል? እኔ ግን እታሰራለሁ፣ ፋርማሲያችን ይዘጋል። ለአንቺም ብዬ ነው!»

«በእኔ አታሳብ።»

«ሐኪሙ ሌላ ነገር ነው የሚለው» አለች መርማሪዋ። «የሹፌሩ ወንበር በደም ርሷል። ልባቸው የቆመ ሰው እንደዚያ አይደማም። ወደ መንገዱ ወጥተው ቢጣሩ ቀለም ቀቢዎቹ ነበሩ። እርስዎ የሕክምና ሰው ነዎት፤ የደም ሥር መዳሰስ አቅቶዎት ነው?»

ባልየው ፊቱን በግራ እጁ ሸፈነ። «ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ቀበቶውን ሳስርለት...» አለ። «አንድ ጊዜ ያቃሰተ መሰለኝ።»

አቶ ነገ ጮኾ ተንደረደረ፤ አከራዩ ከወገቡ አቅፎ ያዘው። እታለም አልጮኸችም። «ሲያቃስት አሰርከው» አለች ብቻ። «ውሰዱልኝ ከፊቴ።»

ከወሰዱት በኋላ መርማሪዋ የተጣጠፈውን ወረቀት ቀዳ ጥላ አዲስ ጻፈችና አመጣችላት። እታለም በግራው በር በኩል ገብታ፣ የተጨማደደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀኝ እግሯን ምንጣፉ የተበሳበት ቦታ ላይ አድርጋለች።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሹፌር፣ የባሏ ስም። ተሳፋሪ፣ የወንድሟ ስም። ጥፋተኛ፣ ሹፌር።

«ይጎድለዋል» አለች።

«ምን ጎደለው?»

«ተሳፋሪው እስከ መጨረሻው ፍሬን ይዞ ነበር ብለው ይጻፉበት።»

«እመቤት፣ ለእንደዚህ ያለ ነገር ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

እታለም እስክሪብቶውን አልተቀበለችም። እግሯን ወለሉ ላይ አጥብቃ ረገጠች።

«ቦታ ይፈልጉለት» አለች። «እጠብቃለሁ።»

መርማሪዋ እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች።