ንጹሕ አፍንጫ ያለው ሬሳ

በሃንጋሪ የካሎቻ ከተማ የበርበሬ ወፍጮ ባለቤት ሽማግሌው ባሊንት፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ በወፍጮው ድንጋይ ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ከፀጉሩ እስከ ጫማው በርበሬ ለብሷል። መርማሪ ቶርዳይ ሲደርስ፣ የፖሊስ ሃምሳ አለቃው የወፍጮውን ሠራተኛ ቬንዴልን በካቴና አስሮ ጢሙን ያፍተለትላል።

«ነገሩ አልቋል ጌታዬ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ጠዋት ግቢው ውስጥ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። ገመድ ነው የሚጠብቀው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይኼ ነው። ቶርዳይ ተንበርክኮ የሬሳውን አፍንጫ በባትሪ አየ። ቅንድቡም ከንፈሩም ቀይ ነው፤ የአፍንጫው ውስጥ ግን እንደ ሕፃን አፍንጫ ንጹሕ ነው። ተነሥቶ ለቬንዴል ነጭ መሐረብ ሰጠው።

«ተናፈጥ።»

ቬንዴል በታሰሩ እጆቹ ተናፈጠ። መሐረቡ ቀላ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነህ?»

«እዚህ የገባ ሁሉ እንዲሁ ነው ጌታዬ። ድንጋዩ ቆሞም ብናኙ ቶሎ አይወርድም። እኔ ጠዋቱን ሙሉ በርበሬ ከሚነፉት ሴቶች ዓይን አልራቅሁም፤ ለምሳም አብረን ወጣን። ስመለስ እሳቸውን እንዲህ አገኘኋቸው። የተጨቃጨቅነው ሽርካዬ ሁን ስላሉኝ ነው። ቤተሰቡ አይወድልኝም፣ ይቅርብኝ ብያቸው።»

ሴቶቹ ቃሉን አጸኑለት። ቶርዳይ ሃምሳ አለቃውንና እስረኛውን እስከ ሳሎኑ በር አስከትሎ ወደ ትልቁ ቤት ተሻገረ።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ የሟቹ ሚስት ኤቴልካ፣ የወንድሙ ልጅ ሎራንትና ለምሳ የተጋበዘው ጠበቃ ሺላርድ። አንዳቸውም አላለቀሱም።

«ዛሬ ወፍጮ ቤት የገባ አለ?»

«እኛ?» አለች ኤቴልካ። «አቧራው ለነቬንዴል ነው። ያ ውለታ ቢስ ገመዱ ይገባዋል።»

«እኔ ደጃፉንም ረግጬ አላውቅ» አለ ሎራንት። «በርበሬ መታጠን የሎሌ ሥራ ነው።»

ጠበቃው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከትልቅ ሰው ጋር መስማማት እንጀራው ነበር። ቶርዳይ ከእነዚህ ጋር ከመዋል ወጥ ቤት መዋል ይሻላል ብሎ ወደ ወጥ ቤቷ ቦሪሽ ሄደ።

«ምሳው ምን ነበር እትዬ?»

«የዓሣ ሾርባ፤ አዋረደኝ እንጂ። ሙቀቱ ዓሣውን አበላሽቶት፣ በርበሬ ባበዛበት ይደብቅልኛል ብዬ ነበር። ክዳኑን ስከፍት ሽታው ቤቱን ሞላው። እመቤቴ አፍንጫቸውን ያዙ፤ ጠበቃው ተነሥቶ መስኮት ከፈተ።»

«ሎራንትስ?»

«እሱማ ዘግይቶ መጣና ሁለት ሳህን በላ። እጅሽ ይባረክ አለኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ እዚህ መጥቼ አለቀስኩ።»

ቶርዳይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። ቬንዴል ከነካቴናው እንደ ቅድሙ በሩ አጠገብ ቆመ።

«አፍንጫ ዘበኛ ነው» አለ ቶርዳይ። «ፀጉሩና ንፍጡ ብናኙን ይይዙና ለሳንባ ንጹሑን ይለቃሉ። ባሊንት እዚያ አየር ስቦ ቢሆን አፍንጫው ይቀላ ነበር። ስለዚህ ሌላ ቦታ ተገድሎ፣ እነቬንዴል ምሳ ሲወጡ አንድ ሰው ወደ ወፍጮው አስገባው። ቬንዴል ከሴቶቹ አልተለየም፤ ከእሱ ላይ እጃችሁን አንሡ።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች ኤቴልካ።

«ሬሳውን ያስገባው ሰው ያንን ብናኝ ስቧል። እጁን ይታጠባል፣ ሸሚዝ ይቀይራል። ግን ሽታ የሚታወቀው አፍንጫ ጣሪያ ላይ ነው፤ ያልለመደው ሰው በርበሬ ሲስብ አፍንጫው አብጦ ይዘጋል፣ ሽታም እዚያ አይደርስም። ዛሬ እዚህ ገበታ ላይ ሁለት ሰው ከሸተተ ዓሣ ሸሸ። አንዱ ደገመ።»

ጠበቃው ከሎራንት አጠገብ ወንበሩን አራቀ። ቶርዳይ ነጭ መሐረብ ዘረጋ።

«ይናፈጡ፣ አቶ ሎራንት።»

«አፍንጫዎን ይላሱ» አለ ሎራንት፤ ድምፁ እንደ ጉንፋን የታፈነ ነበር።

«የእርስዎ ግን ለመላስም መጀመሪያ መጠረግ አለበት።»

ሃምሳ አለቃው ትከሻውን ያዘው። ሎራንት መሐረቡን ነጥቆ ተናፈጠ፤ ጨርቁ እንደ በርበሬ ቀላ።

«የሎሌ ሽርካ ሊያደርገኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እኔን! ማገዶ ቤቱ ውስጥ መትቼው፣ ሬሳውን በጋሪ እየገፋሁ ሳስገባ እንኳ አቧራው ነው ያስጠላኝ።»

ካቴናው ከቬንዴል እጅ ወጥቶ ሎራንት እጅ ገባ። ቬንዴል የእጁን አንጓ አሸ።

«በል ቬንዴል» አለች ኤቴልካ ቀሚሷን እያስተካከለች፣ «የሆነው ሆኗል። ነገ ወፍጮውን አስነሣ፤ በርበሬው ይበሰብሳል።»

ቬንዴል የወፍጮውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ልሰቀል እንደሚገባኝ ሲናገሩ ቆሜ ሰምቻለሁ፣ እመቤቴ። እርስዎ ያስነሡት።»

በሩን በቀስታ ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ኤቴልካ ጠበቃውን አየችው፤ ጠበቃው ጫማውን አየ። በዚያ ቤት ከቀሩት ውስጥ ድንጋዩን ማስነሣት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።