ምንቸገረህ

ውሻዬን ባጃጅ የገጨው ቅዳሜ ቀን፣ ቢቸና ገበያ መሃል ነው። ቆሞ የሚያይ ሞልቷል፤ የሚያነሳ ግን ጠፋ። እንደ ሕፃን በነጠላዬ አዝዬው የእንስሳት ክሊኒክ ደረስኩ።

ሐኪሙ በቅርቡ ከአርባ ምንጭ ተመድቦ የመጣ፣ ይታገስ የሚባል ወጣት ነው። ካርድ አውጥቶ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ስሙ ማን ነው?»

«ምንቸገረህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ ለካርዱ ብዬ ነው እኮ።»

«እኔስ ለካርዱ አይደል የምነግርህ? ምንቸገረህ! ጎረቤት በውሻዬ ገብቶ እንዳይፈተፍት ያወጣሁለት ስም ነው።»

ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ውሻውን ሲመረምር ግን ፊቱ ጠቆረ። የኋላ እግሮቹ ስሜት የላቸውም፤ ከእንግዲህ በራሱ መሽናትም አይችልም።

«በመርፌ ቢያርፍ ይሻለዋል» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አንተን ሲያምህ እንዲህ ነው የሚሉህ? የሚደረገውን አሳየኝና ሥራው የኔ ይሁን!»

«እሺ፣ እዚህ ነይ» አለ። ከዚያ እጄን ይዞ ውሻው ሆድ ላይ አኖረው። «ይቺ እንደ ብርቱካን የምትድቦለቦለው ፊኛው ናት። በቀን ሦስቴ፣ በቀስታ ወደ ጭራው እየገፋሽ ባዶ ታደርጊያታለሽ። አንዴ ከዘለልሽ ሽንቱ ይመርዘዋል።»

ፊኛው ከተገኘ በኋላም እጄን ወዲያው አልለቀቀውም። እኔም አላስለቀቅኩትም።

ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ አስተማሪ የለኝም፤ የማውቀውን ሁሉ በራሴ አንብቤ ነው ያወቅኩት። ፊኛ መግፋቱንም ቶሎ ለመድኩ። የከበደኝ አባቴ ናቸው። መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣ የቅኔ መምህር፣ ውሻ ከደጃፍ አያሳልፉም። ክረምት ሲገባ ለምኜ ለምኜ፣ «እሺ፣ ጓዳ ይተኛ። አንዲት ጠብታ ወለሌ ላይ ያየሁ ቀን ግን ይወጣል» አሉ።

ጠብታ አላዩም። ይታገስ ግን ወደ ሞጣ ተዛወረ። በየቀኑ ይደውላል።

«ፊኛው?»

«ባዶ።»

«አንቺስ?»

«ምን ቸገረህ?»

አንድ ቀን ግን እንደ ወትሮው አልሳቀም። «ቸግሮኛል፣ አገሬ» አለ።

አገሬ አባቴ ያወጡልኝ ስም ነው። እንዲያ ተደርጎ ሲጠራ ግን ያን ቀን ገና ሰማሁት። «እስቲ ድገመው» አልኩት።

ሽማግሌ የላከው ከመስቀል በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተው ቆሙ፤ እንደ ወጉ፣ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«አገሩን ለማላውቀው ሰው ልጄን ልስጥ?» ይላሉ አባቴ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የምንቸገረህ ሰዓት ነው። ማልቀስ ጀመረ፤ ሆዱን ብነካው ድንጋይ ሆኗል። ጓዳው ሌላ በር የለውም። የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት ማለፍ ነውር ነው፤ ብቆይ ደግሞ ጠብታው ወለሉ ላይ ነው።

ታቅፌው ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉልኝ። «ወይ ጉድ!» አለ አንዱ።

ከአጥሩ በር ስወጣ ይታገስ ቆሟል። ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያች ቀን ደጅ እንደማይታይ የነገረው የለም፤ ወጋችን መች ገባው! በአዲሱ ሱፉ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ውሻውን ደገፈልኝ፤ እኔ ገፋሁ። መጣ! ሱሪው ላይ፣ ጫማው ላይ። ሁለታችንም ሳቅን።

ዘወር ብል አባቴ ከነሽማግሌዎቹ ደጃፉ ላይ ናቸው።

«አንተ! አገርህ የት ነው?»

ይታገስ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል፣ «አገሬ እዚህ ናት፣ የኔታ» አለ።

አባቴ ዝም አሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ደህና ቅኔ የዘረፈ ተማሪ ፊት ዝም የሚሉት ነው።

«ሰሙም ወርቁም ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ምን ቆማችኋል? ግቡና ተቀመጡ እንጂ!»

ዛሬ ሞጣ ነን። ባሌ ከሕፃን ብስክሌት ጎማ ጋሪ ሠርቶለት፣ ምንቸገረህ ገበያውን ይከንፍበታል። ስሙን የሚጠይቅ አይጠፋም። ይታገስ ቀድሞኝ፣ ጮክ ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ሁለታችንም የጠያቂውን ፊት እናያለን።